የጤና ባለሙያ ኅሊናና ክትባት



ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያቀናው አገር አንድ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። ጊዜው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በበረንዳው ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ተራቸውን ይጠባበቃሉ። አንዲት ወጣት ነርስ የኮሮናን ክትባት በመርፌ ቀድታ፣ ከፊቷ የተቀመጡትን አሮጊት ክንዳቸውን እንዲገልጡላት በትሕትና ትለምናቸዋለች። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት ቀና ብለው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «አንቺስ ልጄ፣ ተከትበሻል?» ሲሉ ይጠይቋታል። ነርሷ አልተከተበችም።

ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው እንጂ የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም። ሆኖም በዚያ ወራት በአገራችን በብዙ ሥፍራ ሊሆን የሚችል ነገር ነበርና ከእውነት የራቀ አይደለም። የአሮጊቷ ጥያቄ አጭር ነው፤ ተንኰልም የለበትም። ነገር ግን ሦስት ከባድ ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል። አንደኛ፣ የታመመን ሰው ለመንከባከብ የተጠራ ሰው ስለ ገዛ ጤናው ለሌላው ዕዳ አለበትን? ሁለተኛ፣ የተጠራጠረበትን ነገር በገዛ ሥጋው እንዲቀበል ሊገደድ ይገባልን? ሦስተኛ፣ ለራሱ ያልፈቀደውን ለሌላው ሲሰጥ ምን ብሎ ሊናገር ይገባዋል? ወረርሽኙ በጸናበት ወቅት እነዚህ ጥያቄዎች በጭንቀትና በክርክር መካከል ይነሡ ስለ ነበር በሰከነ መንፈስ ለመመርመር አልተቻለም። አሁን ግን ጊዜው ፈቅዶልናልና በጥሞና እንመልከታቸው።

የሆነው ነገር

የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የክትባቱ ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ ይኸውም የካቲት 28 ቀን፣ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የትብብር ሥርዓት አማካይነት ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ በሕንድ አገር የተመረተ የአስትራዜኔካ ክትባት ገብቶ ነበር። በቅድሚያ እንዲከተቡ የተመደቡትም የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሽታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው በሽተኛውን የሚዳስሰውን እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ ከጥር 2012 እስከ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ቅድሚያው ለባለሙያዎቹ መሰጠቱ ክብርም ጥበቃም ነበር።

ነገር ግን ስጦታውን ሁሉም እጁን ዘርግቶ አልተቀበለም። በዚያው ዓመት በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ በአማራ ክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች በሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ላይ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከተጠየቁት መካከል 45.9 ከመቶው ክትባቱን ለመቀበል የሚያመነቱ ሆነው ተገኙ። ማመንታቱ ከ25 ዓመት ባልበለጡት ወጣቶች፣ በሽታው እኔን አያገኘኝም ብለው በሚያስቡት፣ የክትባቱን ተስማሚነት በተጠራጠሩት፣ እንዲሁም ከጤና ባለሥልጣናት ግልጽ መረጃ አላገኘንም ባሉት ዘንድ በርትቶ ታየ። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ ገበሬዎች አይደሉም። ስለ ተሕዋሲና ስለ ክትባት በትምህርት ቤት የተማሩ፣ ለሕፃናት የኩፍኝንና የፖሊዮን ክትባት በየቀኑ የሚሰጡ ናቸው። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን ፍርሃትን እንደማያርቅ ከዚህ እንረዳለን።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በፍርድ ከመቸኮል በፊት የፈራውን ሰው ማዳመጥ ይገባል። የአስትራዜኔካ ክትባት በአገራችን መሰጠት ከመጀመሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 2 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የዴንማርክ መንግሥት የደም መርጋት ሥጋት አለ በማለት ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆመ። በተከታዮቹ ቀናትም ሌሎች የአውሮፓ አገሮች እንዲሁ አደረጉ። ዜናው ከመርፌው ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጋቢት 9 ቀን የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ መጋቢት 29 ቀን ደግሞ ያልተለመደ የደም መርጋት እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ የጎንዮሽ ጉዳት ተብሎ እንዲመዘገብ ወሰነ። በዚህም ላይ በርካታ የአውሮፓ አገሮች ክትባቱን ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። ምክንያቱም ሽማግሌው ከበሽታው የሚጠብቀው አደጋ እጅግ ከባድ ሲሆን፣ የወጣቱ ግን ቀለል ያለ ነበርና ሚዛኑ ለሁለቱ እኩል አልነበረም።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ወይም በቢቸና ወይም በሞጣ የምትሠራ የ24 ዓመት ነርስ ይህን ሰምታ ብትፈራ፣ ፍርሃቷ ከስንፍና ወይም ከክፋት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በፍርሃቱ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጨመረበት። ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው፣ ሴትን ያመክናል፣ ለሌላ ድብቅ ዓላማ የተላከ ነው የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። በእውነተኛ ሥጋትና በሐሰተኛ ወሬ መካከል ያለው ድንበር ተደባለቀ። አንዱን መርምሮ ከሌላው መለየት የሚገባው ባለሙያ ራሱ ሁለቱን በአንድ ቋት ውስጥ አስቀመጣቸው። ኅሊናዊ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መፍራት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ፍርሃትን ሳይመረምሩ መኖር ግን ከኃላፊነት አያድንም።

ክትባትና ክታብ

ቋንቋችን በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለ። «ክትባት» እና «ክታብ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ሥሩም በግእዝ መጻፍ ማለት ነው። ክታብ በብራና ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ከክፉ ነገር ይጠብቃል ተብሎ በአንገት የሚንጠለጠል ነው። ክትባት ደግሞ በራሱ በሰውየው ቆዳ ላይ የሚጻፍ ነው። ይኸው ቃል የተሰጠው አባቶቻችን ነገሩን ስለሚያውቁት ነበር። ዘመናዊው ሕክምና ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ ማስገባት በአገራችን ይሠራበት ነበር። ይህ አደገኛ ዘዴ ነበር፤ አንዳንዱን አድኖ አንዳንዱን ይገድል፣ ወረርሽኙንም ያዛምት ነበርና።

ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ጎጃምን ጨምሮ በደጋው አገር ብዙ ሰዎች አዲሱን ክትባት እምቢ ብለው ነበር። አንዳንዱ የለመደውን የአባቶቹን ዘዴ መረጠ፤ አንዳንዱም ከመንግሥት የመጣን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከት ነበር። ያም ሆኖ በእግርና በበቅሎ ገደል እየወረዱ፣ ወንዝ እየተሻገሩ መንደር ለመንደር የዞሩት ከታቢዎች ድካም በከንቱ አልቀረም። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬም በብዙ አረጋውያን ክንድ ላይ ያ የክትባት ጠባሳ ይታያል። ከእነርሱ በኋላ የተወለደው ትውልድ ግን ጠባሳውም የለው፣ ፈንጣጣንም አያውቀው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እምቢታ ሁልጊዜ ከድንቁርና አይመጣም፤ መተማመን ሲጎድልም ይመጣል። ሁለተኛው፣ ክታብና ክትባት በሥር አንድ ቢሆኑም በባሕርይ ይለያያሉ። ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ባለቤቱ በውስጡ የተጻፈውን ሳያነብ ያምንበታል። ክትባት ግን በውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ በግልጽ ሊነገርለት የሚገባ ነገር ነው። ክትባትን እንደ ክታብ ዝም ብለህ እመን የሚል ሰው ለክትባቱ መልካም ያደረገ ይመስለዋል እንጂ ይጎዳዋል። ሳይመረምር እንደ መጥፎ መንፈስ የሚሸሸውም ያንኑ ስሕተት በሌላ ወገን ይሠራል።

ኅሊና ምርጫ ብቻ አይደለም

ብዙ ጊዜ «ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም» ሲባል እንሰማለን። ይህ ቃል ክቡር ነው፤ የሰው ኅሊና እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሚነጋገርበት የውስጥ መቅደስ ነውና ማንም በኃይል ሊሰብረው አይገባም። ነገር ግን ኅሊና ማለት ደስ ያለኝን ማድረግ፣ ያልወደድኩትን መተው ማለት አይደለም። ኅሊና ፈራጅ ነው፤ ፈራጅ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ከፈረደ ፍርዱ ፍርድ አይባልም። ስለዚህ በኅሊናው ስም የሚናገር ሰው በቅድሚያ ሦስት ነገር ማድረግ ይጠበቅበታል፤ እውነቱን አጥብቆ መፈለግ፣ ውሳኔው በሌሎች ላይ የሚያመጣውን መመዘን፣ የውሳኔውንም ዋጋ በሌላው ጫንቃ ላይ ሳይጥል ራሱ መሸከም።

አገራችን «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል አነጋገር አላት። ሰው ራሱን መጠበቁ ተፈጥሮው ነውና አነጋገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የጤና ባለሙያ ነጭ ካፖርቱን በለበሰ ጊዜ ለዚህ አነጋገር ወሰን እንዳበጀለት ማወቅ ይገባዋል። በሽተኛው ልብሱን አውልቆ፣ ምሥጢሩን ገልጦ፣ ሥጋውን አሳልፎ የሚሰጠው ይህ ሰው ከራሱ ይልቅ ለእኔ ያስባል ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ለማንኛውም ሰው አይሰጥም። ስለዚህ የባለሙያው ዕዳ ከማንኛውም ሰው ዕዳ ይበልጣል።

ነገር ግን ዕዳው እስከምን ይደርሳል? በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮም የቅዱስ ካሚሎ ደ ሌሊስ ተከታዮች፣ ለሕይወታቸው አደጋ ቢሆንም እንኳ በሽተኞችን ለማገልገል የተለየ ስእለት ተስለው ነበር። ብዙዎቹም ወረርሽኝ የያዛቸውን ሲያስታምሙ አለፉ። ይህ ከሁሉ የሚጠየቅ አይደለም፤ ጸጋ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ሕይወቱን ለአደጋ ለመስጠት የተሳለ ሰው ለሕይወቱ ግድየለሽ ለመሆን አልተሳለም። በሽታውን ወደ ሌላው በሽተኛ ተሸክሞ ለመሄድማ ጨርሶ አልተሳለም። ስለዚህ ጀግንነት ጥንቃቄን አይሽርም፤ እንዲያውም የሚያገለግለው ሰው ነገም ማገልገል ይችል ዘንድ ራሱን መጠበቁ የአገልግሎቱ ክፍል ነው። አንዲት ነርስ ብትታመም ጤና ጣቢያው የሚያጣው አንዲት ሴትን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሳምንት የምትወልደውን እናትና ክትባት የሚጠብቀውን ሕፃን የሚረዳ እጅንም ያጣል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በዚህ ጉዳይ የእምነት ትምህርት ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. መግለጫ አውጥቶ ነበር። መነሻው ከባድ የኅሊና ጥያቄ ነው። አስትራዜኔካን ጨምሮ አንዳንድ ክትባቶች የተዘጋጁት፣ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በፊት ከተጨናገፈ ጽንስ ተወስደው በቤተ ሙከራ እየተራቡ በኖሩ ሕዋሳት ነው። በክትባቱ ውስጥ የጽንስ አካል የለም፤ ነገር ግን የመነሻው ክፋት ክርስቲያንን ሊያስጨንቅ ይገባል። ጉባኤው እንዳስረዳው፣ ከዚህ ነቀፋ ነፃ የሆነ ክትባት በማይገኝበትና የበሽታው አደጋ ከባድ በሆነበት ጊዜ እነዚህን ክትባቶች መውሰድ በምግባር ረገድ የተፈቀደ ነው። የሚወስደው ሰው ከጥንቱ በደል እጅግ የራቀ ነውና ውርጃውን እንደ ደገፈ አይቆጠርም። ይሁንና የመድኃኒት አምራቾች ነቀፋ የሌለበትን እንዲያዘጋጁ መጠየቃችንን መተው አይገባም።

መግለጫው ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል። በአንድ በኩል፣ ክትባት መውሰድ እንደ አጠቃላይ ደንብ የምግባር ግዴታ እንዳልሆነና በፈቃደኝነት ሊሆን እንደሚገባ ያስተምራል። በሌላ በኩል፣ ለጋራ ጥቅም የማሰብ ግዴታ እንዳለ፣ በኅሊና ምክንያት ክትባቱን የማይቀበል ሰውም በሌላ መንገድና በተገቢ ጠባይ በሽታውን እንዳያስተላልፍ የሚቻለውን ሁሉ ሊያደርግ እንደሚገባው ያሳስባል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ መከተብን የፍቅር ሥራ አድርገው ለሕዝብ አቅርበውታል። ፍቅር በትእዛዝ አይገኝም፤ ሆኖም ፍቅር የሌለበት ነፃነት ባዶ ነው።

አሁን ቀደም ሲል ወደ ጠቀስነው አስገራሚ ነገር እንመለስ። በአማራ ክልል ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ክትባቱን ለመቀበል የሚያመነቱት ይበልጡን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የማያደርጉትና ርቀታቸውን የማይጠብቁት ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ለሁሉም እውነት ነው ማለት አይደለም፤ መሸፈኛው ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም ነበር። ቢሆንም ለኅሊናችን መስተዋት ነው። በኅሊናው ምክንያት ክትባትን የተወ ሰው በሌላው ጥንቃቄ ከሁሉ ልቆ ሊገኝ ይገባው ነበር። አንዱንም ሌላውንም ከተወ ግን፣ የተናገረው ኅሊናው ሳይሆን ቸልተኝነቱ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ክትባቱ መተላለፍን ፈጽሞ ካልገታስ?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ተከተቡ፣ ሌላውን ታድናላችሁ ተባልን፤ የተከተቡት ግን ታመሙ፣ አስተላለፉም። እንግዲህ ለሌላው ብሎ መከተብ ምን ትርጕም አለው?» ይባላል። ይህን ተቃውሞ ማድበስበስ አይገባም፤ እውነት አለበትና። ክትባቶቹ ከጽኑ ሕመምና ከሞት በመጠበቅ ረገድ ጥቅማቸው ከፍተኛ ነበር። መተላለፍን የመግታት ኃይላቸው ግን በከፊል ብቻ ሲሆን እርሱም በጊዜ ይቀንስ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከታየ ወዲህ ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

ስለዚህ «ካልተከተብህ ነፍሰ ገዳይ ነህ» የሚለው ከባድ ቃል ከእውነት በላይ የሄደ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቃል መውደቅ ጋር ዕዳው ሁሉ አብሮ አይወድቅም። በከፊል መከላከልም መከላከል ነው፤ ግማሽ ጣሪያ ያለው ቤት ከዝናብ ፈጽሞ ባያድንም ሕፃኑን የምናስተኛው ከጣሪያው በታች ነው። ደግሞም ጽኑ ሕመም የቀነሰለት ባለሙያ በሥራው ላይ ይቆያል፤ አልጋና ኦክሲጅንም ለሌላው ይተርፋል። በአንድ ሰፊ ወረዳ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚቀረው ዕዳ እንግዲህ እንደ ሕግ የጠበቀ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ሸክም የሚካፈሉት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንዲሉ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ቢሸከም ማንም አይሰበርም።

የሚያዝዙትም ዕዳ አለባቸው

አንዳንድ መንግሥታት በማስገደድ መንገድ ሄዱ። ለምሳሌ ኢጣልያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣችው ድንጋጌ የጤና ባለሙያዎች ሁሉ እንዲከተቡ አዘዘች፤ እምቢ ያሉት ከሥራ እስከ መታገድ ደረሱ። ይህን መንገድ መመዘን ያስፈልጋል። ባለሥልጣን የበሽተኞችን ደኅንነት የመጠበቅ መብትና ግዴታ አለው። ነገር ግን በእኛ ደጋ አገር በአንድ ጤና ጣቢያ ካሉት ጥቂት ባለሙያዎች ሁለቱን ቢያባርር፣ ሊጠብቀው የፈለገውን በሽተኛ ያለ አስታማሚ ያስቀረዋል። ከማባረር በፊት ማስረዳት፣ ማዳመጥ፣ ለደካሞች ቅርብ ካልሆነ ሥራ ላይ መመደብ ይቻላል።

ከዚህም በላይ፣ እመኑን የሚል ሰው የሚታመን ሆኖ መገኘት አለበት። በጥናቱ ከጠያቂዎቹ ፊት የቀረበው ቅሬታ ግልጽ መረጃ አላገኘንም የሚል ነበር። ይህ ተራ ምክንያት አይደለም። ባለሙያው ጥያቄ ሲያነሣ እንደ አመፀኛ ከታየ፣ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ሲጠይቅ ዝም ከተባለ፣ ጥርጣሬው በስውር ያድጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ጉዳትን የደበቀ መድኃኒትም አማኝ አይገኝለትም። ከባሕር ማዶም ያለው በደል አይረሳም። ሀብታሞቹ አገሮች ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ክትባት አከማችተው ሳለ፣ ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ተጨንቃ ወደ ውጭ መላክን በገታች ጊዜ የአፍሪካ አገሮች ሁለተኛውን መጠን ለመጠበቅ ተገደዱ። ፍትሕ የጎደለው ስጦታ በተቀባዩ ልብ ጥርጣሬ ቢያሳድር ሊገርመን አይገባም።

ለአሮጊቷ ምን ትመልስ?

አሁን ወደ ነርሷ እንመለስ። አሮጊቷ መልስ እየጠበቁ ናቸው። «አዎን፣ ተከትቤአለሁ» ብትል ትዋሻለች። ውሸቱ ምናልባት አሮጊቷን ያሳምናቸው፣ ሕይወታቸውንም ያድን ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን ቢታወቅ፣ የሚፈርሰው የእርሷ ቃል ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀበሌ ከእንግዲህ ማንም ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የሚናገረው ሁሉ ይጠረጠራል። ለበጎ ተብሎ የተነገረ ሐሰት በጎውን ራሱን ይበላዋል። «እሱን ተዉት፣ ክንድዎን ይስጡኝ» ብትልም፣ ዝምታዋ ራሱ መልስ ነው፤ አሮጊቷም ይገባቸዋል።

የሚቀረው እውነቱን መናገር ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አስቀድማ ራሷን እንዲህ ብላ መጠየቅ ይኖርባታል፦ እኔን የከለከለኝ ፍርሃት ለእኒህ እናት ሊነገር የሚገባው ነውን? የሚገባው ከሆነ፣ ደብቄ መርፌውን ልሰጣቸው አልችልም። የማይገባው ተራ ወሬ ከሆነ፣ እኔንስ ስለ ምን ያስረኛል? ይህ ጥያቄ እንደ ወንፊት ነው፤ እንክርዳዱን ከስንዴው ይለያል። የአውሬው ምልክት የሚለውን ለአሮጊቷ ለመንገር የምታፍርበት ከሆነ፣ ለራሷም ልታፍርበት ይገባል። የደም መርጋቱ ሥጋት ግን ሊነገር የሚችል፣ በቍጥርም ሊመዘን የሚችል ነው። ስለዚህ እንዲህ ብትላቸው እውነትም ፍቅርም ይሆናል፦ «እማማ፣ እኔ ገና አልተከተብኩም። ከዚህ ክትባት እጅግ አልፎ አልፎ የሚመጣ ጉዳት እንዳለ ሰምቼ ፈርቻለሁ። እርስዎ ግን በዕድሜዎ በሽታው ቢያገኝዎ አደጋው ከዚያ እጅግ ይበልጣልና ቢከተቡ ይሻልዎታል። የእኔንም ፍርሃት ከሐኪሙ ጋር ተመካክሬ እወስናለሁ፤ እስከዚያም ፊቴን ሸፍኜ፣ እጄን ታጥቤ እንጂ አልቀርብዎትም።»

እንዲህ የምትናገር ነርስ ገና ያልወሰነች ናት፤ ሐሰተኛ ግን አይደለችም። አሮጊቷ ክንዳቸውን ይገልጡ ይሆናል፣ ወይም ጥቂት አስቤ እመለሳለሁ ይሉ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ እንደ ሰው ተከብረዋል። ነርሷም ጮክ ብላ የተናገረችው ፍርሃት በልቧ ከደበቀችው ይልቅ ለመመርመር ይቀልላታል። ምናልባትም ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ለአሮጊቷ የሰጠችው ማስረጃ ለራሷም እንደሚሠራ ታስተውል ይሆናል።

ለዛሬ የሚሆን ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ ማብቃቱን አስታወቀ። የአስትራዜኔካ ክትባትም አዳዲስ ክትባቶች በመብዛታቸውና ፈላጊው በመቀነሱ በ2016 ዓ.ም. ከገበያ ወጥቷል። ጥያቄው ግን አላረጀም። በየዕለቱ መርፌ የሚይዝ ባለሙያ ጉበትን ከሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ በክትባት ሊጠበቅ ይችላል፤ ግን ስንቶቻችን ይህን እናስባለን? ሌላ ወረርሽኝም በማንኛውም ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ከሕመሙ አላመለጡም ነበር፤ ያን ጊዜ ክትባት አልነበረም። ዛሬ ያለንን ይዘን እንዴት እንደምንኖር ልንማር ይገባናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ የእናንተ ሥራ ሐኪም መሆን አይደለም። ስለ ክትባት ጥያቄ ሲቀርብላችሁ የማታውቁትን አታስተምሩ፤ ወደሚያውቀው ሰው ምሩ። ወሬን በጉባኤ አትድገሙ፤ የፈራውንም አታዋርዱ። ይልቁንም ሰው ፍርሃቱን በብርሃን አውጥቶ እንዲመረምር፣ ውሳኔውንም ከደካማው ወንድሙ አንጻር እንዲመዝን አስተምሩ። በቁምስናችሁ የጤና ባለሙያዎች ካሉ ጋብዟቸውና አዳምጧቸው፤ ብዙ ጊዜ ሌላውን ሲያጽናኑ የሚውሉ ሰዎች እነርሱን የሚያጽናና አያገኙምና።

ለውይይት

1ኛ/ በአንድ ነገር ፈርተን ሳለ ለሌላው «አትፍራ» ያልንበት ጊዜ አለን? ምን ማድረግ ይገባን ነበር?
2ኛ/ «ኅሊናዬ አልፈቀደም» ስንል እውነቱን ለመፈለግ ምን ያህል ደክመናል?
3ኛ/ በአካባቢያችን ያሉትን የጤና ባለሙያዎች በጸሎትና በሥራ እንዴት ልንደግፋቸው እንችላለን?

በመንገድ ዳር የወደቀውን አንሥቶ ቁስሉን ያሰረው ደጉ ሳምራዊ፣ በራሱ ዘይትና ወይን፣ በራሱም ገንዘብ ነበር ያገለገለው። የሚያገለግሉንን ሁሉ ጌታ ይጠብቅልን፤ ለእኛም እውነትን ከፍቅር ሳንለይ የምንናገርበትን ጸጋ ያድለን። አሜን።